የቀኝ እጅ ፈርጦች

ጥፍር ማስጌጥ የተማርኩት ከእህቴ ትከሻ ኋላ ቆሜ ነው። እሷ ስልኳ ላይ ቪዲዮ ታያለች፤ እኔ መጽሐፌን ደረቴ ላይ ደፍቼ እሷ የምታየውን አያለሁ። የሷ ዓይን የሚያርፈው ተሠርቶ ባለቀው ጥፍር ላይ ነው፤ እኔ የምከተለው የሥራውን ቅደም ተከተል ነበር። መጀመሪያ ይሞረዳል፣ ቅባቱ በጥጥ ይጠረጋል፣ የታችኛው ቀለም ይቀባል፣ ፈርጡ ይቀመጣል፣ በመጨረሻ ላዩ ቀለም በሌለው ቅብ ይሸፈናል። አንድ ሰሞን ኔትወርክ ጠፍቶ ሲከርም እሷ ጋ የቀረው ምኞቱ ብቻ ሆነ፤ አሠራሩ ግን እኔ ጋ ነበር። ባለሙያ የተባልኩት በዚህ ነው።

የምንኖረው እንጅባራ፣ አንዲት አረቄ አውጪ ሴት ግቢ ውስጥ በተከራየናት አንድ ክፍል ነው። እኔ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ፤ እህቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ናት። ትውልዳችን ግን ወደ ጥርባ አካባቢ፣ አዊኛ ከሚነገርበት ገጠር ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት እሷ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ፣ ከሷ አንድ ክፍል ዝቅ ብዬ ነው። ፊደሌ ከደብተሩ መስመር ሲያልፍ ትስቅብኝ ስለነበር፣ መስመር አለማለፍን እንደ ሃይማኖት ያዝኩት። ጥፍር ላይም እንደዚያው ነኝ። ቀለሙ ሥጋ ከነካ ጠርጌ እንደገና እጀምራለሁ።

«እታለም፣ ፈተና እኮ አይደለም» ትለኛለች።

እጇን አልለቅላትም።

መሣሪያችን ቪዲዮው ላይ እንደምናየው አልነበረም። ፈርጡን የምናነሳው ጫፉን ምራቅ ባስነካነው ስቴኪኒ ነው። የወደቀውን የምንለቅመው ባላገር እሾህ በሚያወጣበት ወረንጦ ነው። ጠረጴዛችን ቀርከሃ ስለሆነ የወደቀ ፈርጥ በስንጥቁ ይገባል፤ ስለዚህ ነጭ ፎጣ እናነጥፋለን። የእንጅባራ ብርድ ደግሞ ቀለም አያደርቅም። ከከሰሉ ስናቀርበው አረፋ ያወጣል፣ ስናርቀው እንደረጠበ ያመሻል። ብዙ ጥፍር ካበላሸን በኋላ፣ ከከሰሉ አንድ ክንድ ያህል ርቆ እጅን እያገላበጡ መያዝ እንደሚበጅ አወቅን። ይኼን የሚያስተምር ቪዲዮ አላየሁም።

እህቴ የታጨችው እዚሁ ከተማ ቢሮ ለሚሠራ፣ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ለመጣ ልጅ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገሩ አልቆ፣ ሠርጉ ለጥር መጨረሻ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ የልጁ እናት አንድ ወሬ ሰሙ። ማን እንደነገራቸው አላወቅንም። «ጥፍሯን አሳድጋ ድንጋይ የምትለጥፍ ናት አሉ። በዚያ እጅ ምን ሥራ ትሠራለች? እጇን በዓይኔ ሳላይ ዳስ አልገባም» ብለው ላኩ።

ልጁ ሳቀ። «አትስሚያት፤ የኋላ ኋላ ትለምዳለች» አላት።

እህቴ አልሳቀችም። «እናት ያለው እናቱን ይናቅ» አለችው። «በኔ በኩል የሚቀመጥ እናት የለም። እሳቸውም ከቀሩ እኔም ዳስ አልገባም።»

ይኼን ስትል እኔ ከሰል እየቆሰቆስኩ ነበር። ከልቧ እንደሆነ ከድምፅዋ አወቅኩ።

እናትየዋ ከሠርጉ በፊት እንደሚመጡ እናውቃለን፤ ቀኑን ግን አልነገሩንም። እስከዚያ የሠርጉን ጥፍር እንሞክረው፣ ካየነው በኋላ እናጥበዋለን ተባባልን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጀመርን። ንድፉን ያወጣሁት ከፈረስ ጌጥ ነው። በጥር ፈረሰኞች ሲወጡ ልጓሙ ላይ የሚታየውን ቀይ መደብና በጠርዙ የሚሄደውን የነሐስ ጉብጉብ ትንሽ አድርጌ ጥፍሯ ላይ አመጣሁት። ሥሩ ቀይ፣ ጫፉ ላይ ወርቃማ ዶቃ፣ የቀለበት ጣቷ ላይ መሐል ላይ አንድ ነጭ ፈርጥ።

ሁለተኛው ጣት ላይ ስንደርስ የጥፍር ሙጫው አለቀ። እህቴ እየነፋች ያደረቀችውን ጣት ወደ ላይ ቀስራ ወጣችና ከሊስትሮው ሱፐር ግሉ ይዛ ተመለሰች። «ሶል የያዘ ፈርጥ ይጥላል?» አለች። አልጣለም። ስጨርስ ወደ መስኮቱ ወሰድኳትና እያንዳንዱን አየሁ። የተዛነፈ አልነበረም። ብዙ ጊዜ በሠራሁት ነገር ላይ አንድ የሚነቀፍ አገኛለሁ፤ ያን ቀን አላገኘሁም።

ማክሰኞ ጧት እጮኛዋ ደወለ። እናቱ ለገበያ ወደ እንጅባራ መጥተዋል፤ ከቀትር በፊት ብቅ ይላሉ። የወንድ እናት ሠርግ ሳይደርስ ወደ ሴቷ ቤት መሄዷ ደንብ ስላልሆነ፣ ገበያው ሰበብ እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

እህቴ የቀለም ማስለቀቂያውን የአሴቶን ጠርሙስ ገልብጣ ነቀነቀችው። ጥጥ እንኳ አላረጠበም። ሱቅ ለሱቅ ሮጠች። መንገድ ተዘግቶ ስለሰነበተ ዕቃ አልገባም፤ ያለው ሁሉ አልቋል። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። ሙቅ ውኃ በሳሙና ሞከርን፣ የኑግ ዘይት ሞከርን። ዘይቱ ፈርጡን ይበልጥ እንዲያብረቀርቅ አደረገው።

አከራያችን ጫጫታችንን ሰምተው በበሩ አንገታቸውን አስገቡ። «ምን ሆናችሁ ነው በጧቱ የምትራኮቱት?»

ነገርናቸው።

«ይኼ አሴቶን የምትሉት ነገር ሽታው ምን ይመስላል?»

«አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ እትዬ» አለች እህቴ።

«እንግዲያ የኔም ይሰነጥቃል» አሉና ከዳግሙ፣ ሁለቴ ከወጣው አረቄ በጎድጓዳ ሳህን ቀድተው መጡ። እኔ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ላይ አልኮልና አሴቶን አሟሚ ተብለው ጎን ለጎን መጻፋቸውን አስታወስኩ። ማን ምንን እንደሚያሟማ የሚለው አልመጣልኝም። ስለዚህ ዝም አልኩ። እህቴ ጣቶቿን ነከረች። አከራያችን አረቄው እሳት እንዳይስብ ከሰሉን ወደ ደጅ አውጥተው ተመለሱና ከራሷ በላይ ቆሙ።

«አረቄ ሳወጣ ዕድሜዬን ፈጀሁ» አሉ፤ «ጥፍር ሲሰክር ግን ዛሬ ማየቴ ነው።»

አረቄው ቀዩን ቀለም አደበዘዘው፤ ሙጫውን ግን አልነካውም። እህቴ ትዕግሥቷ አለቀ። ሞረዱን አንስታ የግራ እጇን ትፍቅ ጀመር። ዶቃው ሲነሳ የራሷን ጥፍር ሽፋን ይዞ ይነሳል። ተይ አልኳት፤ አልሰማችኝም። ግራውን ጨርሳ ቀኙን ልትይዝ ስትል «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከበራፍ መጣ።

ገቡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። ዣንጥላቸውን በራሳቸው ቦታ መርጠው አስደገፉት። ጥፍራቸው ጫፍ ላይ የመስከረም እንሶስላ ቅላት ወጥቶ አላለቀም ነበር። እህቴ እጇን ነጠላ ውስጥ ሸሽጋ ተነሣች። ጉንጯን ሊስሙ ጠጋ አሉና ቆም አሉ። አፍንጫቸው ሲያሸት አየሁ። ከዚያ ወደ አከራያችን ዘወር ብለው በአዊኛ ጠየቋቸው፦ ልጅቷ በጧት ትቀምሳለች እንዴ? የከተማ ልጆች ስለሆንን የማንሰማ መስሏቸው ነው።

አከራያችን ሳቃቸውን ለማፈን አፋቸውን በነጠላ ያዙ። የመለሰችው እህቴ ናት፤ በዚያው በአዊኛ። «እኔስ አልቀምስም። የጠጣው ጥፍሬ ነው።»

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩዋት። ተቀመጡ፤ አጠገባቸውም አስቀመጧት። «አምጪው» አሉ፣ በአማርኛ።

እህቴ ሁለቱንም እጇን ከነጠላው አውጥታ ጉልበቷ ላይ አኖረች። ግራው ተፍቆ ቀልቷል። ቀኙ ቀለሙ ቢደበዝዝም ከነዶቃው ተቀምጧል። እናትየዋ ነጩን ፈርጥ በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት።

«ይኼ አይወልቅም?»

«እንቢ አለ፣ እማማ።»

«ያኛውን ማን አወለቀው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«እርስዎ እንዳያዩት።»

«አየሁት እንግዲህ» አሉ።

የሠርጉ ነገር እዚያው ሊያልቅ እንደሚችል አሰብኩ። እህቴም ያንኑ ታስብ ነበር።

ሴትዮዋ ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት። መደርደሪያዬን አዩ፣ መጻሕፍቴን አለፉ፣ ጥጉ ላይ ያለው የድንች ጆንያ ላይ ቆሙ። «ቢላ አላችሁ?» አሉ። ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ለእህቴ አቀበሏት። «ላጪልኝ እስቲ። የበላሁት ነገር የለም።»

በኛ አገር ድንች ያልላጠ የለም። እህቴ ቢላውን በባለፈርጡ እጅ፣ ድንቹን በተፋቀው እጅ ያዘች። ፈርጦቹ ቢላው እጀታ ላይ ጠብ ሳይሉ ወጡ ወረዱ። ልጣጩ ሳይበጠስ ተጥመልምሎ ሳህን ውስጥ ወረደ። ሦስታችንም እጇን እናያለን። እኔ የማየው ዶቃ እንዳይወድቅ ነው፤ የአንዷ እንኳ መንቀል ለሠርጉ ክፉ እንደሚሆን አስልቼ። ያስቸገራት ግን ግራ እጇ ነበር። የድንቹ ውኃ የተፋቀውን ጥፍር ሲነካው ፊቷ ይኮማተራል፤ ድንቹን በጣቷ ጫፍ መያዙን ትታ በመዳፏ ያዘችው።

እናትየዋ አንድ ልጣጭ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጉት። «ቀጭን ነው» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አይታወቅም። ትንሽ ቆይተው «ያን እጅሽን ምን አደረግሽው?» አሏት።

«ሞረድ ነክቶት ነው።»

«እኔን ብለሽ ነው እንግዲህ ያቆሰልሽው።»

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔን ስትዪ አንድ እጅሽ ቆሰለ። ደግሞ እኔ ሌላ ነገር ስል ያንኛውን ታቆስይልኝ ይሆን?»

እህቴ ቢላውን አስቀመጠች። መልስ ይጠበቅባት እንደሆነ ለማወቅ ወደ እኔ አየች። እኔም አላውቅም ነበር።

«እሱንስ አላቆስለውም» አለች ቀስ ብላ። «አሞኛል።»

ሴትዮዋ ሳቁ። ጥርሳቸው ሳይታይ ትከሻቸው ብቻ የሚስቅ ሳቅ ነው። «ቀቅዪው በይ» አሉ።

ድንቹን በአዋዜ በላን። አከራያችን አረቄ ላቅርብ ሲሉ እናትየዋ «ለጥፍርም አልበጀ» ብለው መለሷቸው። ስለ ገብስ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ፣ በግምጃ ቤት ገበያ ስለቀነሰው ጋሪ ተወራ። ስለ ሠርጉ አንድ ቃል አልተነሣም። እህቴ ድንች ታቀርባለች፣ ውኃ ታቀርባለች፣ ዓይኗ ግን ከእሳቸው አፍ ላይ አልተነቀለም። እኔ ብሆን እጠይቅ ነበር። ወይም እንደተለመደው ዝም ብዬ በኋላ እጸጸት ነበር።

የተናገሩት ተነሥተው ዣንጥላቸውን ከያዙ በኋላ ነው። «ዳሱ ላይ እመጣለሁ» አሉ። «ግን ሁለቱ እጅሽ አንድ ዓይነት ይሁን። እንዲህ ሆኖ ለሰው አይታይም።»

ስመው ወጡ። እህቴ የሰማችውን እስክታምን በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንድ ዓይነት ማለታቸው እንደየትኛው ነው? እንደ ግራው ነው እንደ ቀኙ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት። «ጠይቂያቸው።»

ነጠላዋን እየጎተተች ሮጠች። እናትየዋ የተሳፈሩበት ባጃጅ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። በበራችን ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ፤ ሰፈሩም ሰማ።

«እማማ! የትኛውን ይምሰል?»

«ምኑ?»

«እጄ ነዋ! ፈርጡን ላውልቀው ወይስ ግራውም ላይ ይደረግ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ እንዴ? እጁ የማን ነው?» አሉና የባጃጁን ልጅ «ንዳው» አሉት።

ተመልሳ ገባች። ቀርከሃው ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አነጠፈች፣ የግራ እጇን ዘረጋችልኝ።

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ጥፍሯ ተፍቆ እንደ አሮጌ መዝገበ ቃላት ወረቀት ሳስቷል። ብጫነው ይጎብጣል። ይኼ ሙጫ አይሸከምም፤ ማረፍ አለበት፤ ምናልባት ለሠርጉ ዋዜማ ይደርስ ይሆናል፣ ምናልባትም ቀለም ብቻ ይሆናል አልኳት። ለዓይን እንዲስተካከል እስከዚያ ቀኙንም በቀስታ እናንሳው ብዬ ወረንጦውን አቀረብኩ።

እጇን ሰበሰበች። «ቀኙን አትንኪብኝ።»

«አንድ ዓይነት ይሁን ብለዋል።»

«በሠርጉ ነው ያሉት። ዛሬ ሠርግ የለም።»

ስለዚህ ያን ሰሞን በአንድ እጅ ጌጥ ስትዞር ከረመች። ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት የምታቀብለው በሱ ነው፤ ልብስ ስታጥብ የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። ያላለቀ ሥራዬ በከተማው መሐል ሲዞር ማየት ለኔ ቀላል አልነበረም። በየማታው ግራ እጇን ቅባት እቀባላታለሁ፣ የበቀለውን አያለሁ፣ ገና ነው እላታለሁ። አንድ ቀን ሥራ ቦታዋ ስደርስ፣ ወረቀት የምታስባዛ ተማሪ እጇን አይታ «ያኛው እጅሽስ? ገንዘብ አለቀብሽ?» ብላ ስትቀልድባት ሰማሁ።

እህቴ ከማሽኑ ቀና አላለችም። «እሱ ታሟል» አለች። «ሲሻለው ይለብሳል።»