ቄሰ ገበዙ ሬዲዮ የወለወሉ ክረምት

ከዳባት በላይ ባለች አንዲት ደብር ያገለግሉ የነበሩት ቄሰ ገበዝ ወልደኢየሱስ ዝገት የሚባል ነገር ጠላታቸው ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ንዋያት በእጃቸው ስለሆኑ መስቀሉንና ጽናጽሉን በሎሚና በአመድ ሲፈትጉ ይውላሉ። የምእመናኑንም ኃጢአት እንዲያ ቢፈትጉ ኖሮ አገሩ በሙሉ ጻድቅ በሆነ ነበር።

በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት አሥመራ በጸሐፊነት የሚሠራው ልጃቸው አንዲት ትንሽ የባትሪ ሬዲዮ ላከላቸው። የቆዳ ልብስ አላት፤ ለብቻ ለማዳመጥም ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ገመድ አላት። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ግቢው ይሞላ ጀመር። ቄሰ ገበዙ ይህን የስብከታቸው ፍሬ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ስብከቱ ሲጀመር አንቀላፍቶ ሬዲዮው ሲከፈት ይነቃል።

ከሁሉ ቀድማ የምትመጣው አባይነሽ ነበረች። አንድ ልጇ ፋንታሁን ወታደር ሆኖ ኮንጎ ዘምቷል። ኮንጎ የት እንደሆነ አታውቅም። ቄሰ ገበዙም አያውቁም፤ ግን ካህን አላውቅም አይልምና "ከሱዳን ትንሽ አለፍ ብሎ ነው" ብለዋታል።

ክረምት ሲገባ ሬዲዮው ያንኮራፋ ጀመር። ቄሰ ገበዙ የጀርባውን ክዳን በቢላ ጫፍ ፈነቀሉት። ውስጡ አንዲት ስስ ገበታ አለች፤ በገበታዋ ላይ ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ተጋድመዋል፤ መስመሮቹን አረንጓዴ ቅብ ሸፍኗቸዋል። መዳብ ላይ አረንጓዴ ነገር ማየት ለእሳቸው መናፍቅ ከማየት አይተናነስም።

"ዝጓል" አሉ።

"ምነው አባ፣ ሲሠራም እንዲያ ቢሆንስ? መስቀል እኮ አይደለም" አለች ሚስታቸው አምሳል።

"መዳብ መዳብ ነው። አንቺ ወጥሽን አማስዪ።"

ሎሚውን ጨመቁ፣ አመዱን ነሰነሱ፣ አልለቅ ያለውን በቢላ ፋቁ። አረንጓዴው ለቀቀ፤ ከሥሩ የነበረውም መዳብ አብሮ ለቀቀ። እንዲህ የጸዳ ሬዲዮ በበጌምድር አልነበረም። ክዳኑን መልሰው ከፈቱት። ማንኮራፋቱ በእርግጥ ቆሟል። ሌላውም ድምፅ ሁሉ ቆሟል።

ባትሪውን ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ ምንም የለም። እሑድ ደረሰና ሕዝቡ ተሰበሰበ። "እንግዲህ ያሰሙን" አሉ ሽማግሌው አያ ዳኛው። ሬዲዮው ሞቷል ብሎ መገላገል ይቻል ነበር፤ ግን ሞቷል ከተባለ ማን ገደለው መባሉ አይቀርም። ቄሰ ገበዙ ገመዱን ጆሯቸው ውስጥ ሰኩ።

"ዛሬ ድምፁ ቀጥኗል፤ እኔ ሰምቼ ልንገራችሁ።"

"ምን ይላል?"

"ሰላም ነው ይላል።"

ከዚያች እሑድ ጀምሮ ዓለም ተሻላት። ጦርነት ቆመ፤ አንበጣው ባሕር ገባ፤ መንግሥት ለካህናት ማሰብ ጀመረ። አያ ዳኛውም "ድሮ ወሬው ሁሉ እልቂት ነበር፤ አሁን ሸጋ ሆነ" ብለው መሰከሩ።

አባይነሽ ግን የዓለም ነገር አልገዳትም። "የኮንጎዎቹስ?" አለች። ቄሰ ገበዙ ፊቷን አዩ፤ ደኅና ናቸው ብለው ቢያቆሙ ጥሩ ነበር፤ አላቆሙም። "ደኅና ናቸው፤ ለመስቀል ይገባሉ" አሉ።

መስቀል መጣ፤ ፋንታሁን አልመጣም። ቄሰ ገበዙ ወደ ዳባት ገበያ ሲወርዱ አባይነሽን የመኪና መንገድ ዳር አገኟት። ነጠላዋን አጥባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጎንደር ከሚመጣው አውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ታያለች። እውነቱን ሊነግሯት አጠገቧ ቆሙ። "ብርድ ነው" ብለዋት አለፉ። በሳምንቱም እዚያው ነበረች።

ቢጨንቃቸው ሬዲዮውን ይዘው ጎንደር ወረዱ። ፒያሳ ሬዲዮ የሚጠግነው እንኳየሁ ከፈተውና አገላብጦ አየው።

"አባ፣ ይህን ማን ላጠው?"

"አይጥ ሳይሆን አይቀርም።"

"ጎበዝ አይጥ ነው፤ ቢላ ይዟል። ኮረንቲ የሚሄድባቸው መስመሮች ናቸው የተፋቁት። አይድንም።"

ከአውቶቡስ እንደወረዱ ቤታቸው ሳይደርሱ ወደ አባይነሽ ሄዱ።

"ሬዲዮው ከሐምሌ ጀምሮ አይናገርም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለመስቀል ይገባሉ ያልኩሽም እኔው ነኝ።"

"ደኅና ናቸው የተባለውስ?"

"እሱም እኔ ነኝ።"

አባይነሽ አላለቀሰችም። ከጋኑ ጠላ ቀድታ ሰጠቻቸው። "ይጠጡት፤ ለሱ የጠመቅሁት ነው።" ጠላው ሆምጥጧል፤ ቄሰ ገበዙ እስከ አተላው ጠጡት። ዋንጫውን ስትቀበላቸው "እንግዲህ ወሬውን ይተዉና ይጸልዩለት፤ እሱን እንኳ ተምረውታል" አለቻቸው።

ጸለዩ። ኪዳን ላይ የፋንታሁንን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው እየተቆረጠ ያስቸግራቸው ነበር፤ ሕዝቡ ጉንፋን መሰለው።

ፋንታሁን ጥር ላይ መጣ፤ ወባ አመንምኖት፣ ግን በሕይወት። እናቱ አውድማ ላይ ነበረች፤ መንሹን ጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ያን ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራችም። መንደሩ ግን ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም፦ ሬዲዮው አልዋሸም፤ የፈረንጅ መስቀል ከእኛው ዘግይቶ ስለሚውል ነው።

ቄሰ ገበዙ ይህን ሲሰሙ በሚቀጥለው እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው የሆነውን ሁሉ፣ ቢላውንም ሳይቀር፣ ለሕዝቡ ተናገሩ። ሕዝቡ በትዕግሥት ሰማቸው። ሲጨርሱ አያ ዳኛው ተነሡ።

"ትሕትናዎ ሸጋ ነው፣ አባ" አሉ። "የበልጉን ዝናብስ ምን ይላል?"