«አላየሁም» ያለችው መምህርት

በሱዳን ጦርነት ሰሞን ገዳሪፍ መናኸሪያ ወታደሮች የአገሬን ልጆች፣ የቀን ሠራተኞቹን፣ እየለዩ መኪና ላይ ሲጭኑ «ምን አጠፉ?» ብዬ ጮህኩ። እኔንም ጫኑኝ። አንድ መልኩን እንኳ የማላውቀው ሰው ደግሞ «ለጠላት ወሬ ስታቀብል አይቻታለሁ» ብሎ መሰከረብኝ።

ያስገቡን ክፍል ላብና በረኪና ይሸታል። ከሴቶቹ አንዷ ከትግራይ ተሰዳ ካምፕ የምትኖር የፍልስፍና መምህርት ነበረች። ከሞት በኋላ ሕይወት አለ የሚሉ ሰዎችን እየጠየቀች ማስረጃቸውን ትመረምራለች። እኔም አንድ ጊዜ በወባ ሞቼ መመለሴን ነገርኳት።

«ምን አዩ፣ አደይ?» አለችኝ፤ በትግርኛ እናቴ ማለቷ ነው።

«ብርሃን።»

«ያን ጊዜ ትኩሳት ነበረዎት?»

«የሞተ ሰው ምን ትኩሳት አለው!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች፤ ግን አላመነችኝም።

ሳቁ የቆመው የአንዲት የመተማ ልጅ እናት አርባ የወጣ ዕለት ነው። እናቷ የሞተችው ልጅቱ ከታሰረች በኋላ ስለሆነ አልቀበረቻትም።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለቻት መምህርቷን። «እናቴን አገኛታለሁ?»

መምህርቷ አጠገቧ ተቀመጠች። «አላውቅም፣ እህቴ። እስካሁን ያገኘሁት ማስረጃ አይበቃም።»

ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሴቶቹ ተቆጡ። «አዎ ብትል ምን ነበረበት? ከተዝካሩ እንዳትቀምስ!» አሉ። ተዝካሩም ከየድርሻችን የቆጠብነው ዳቦና ፉል ነበር።

ደሜ ፈላ። መምህርቷ የታሰረችው ጎረቤቷ ሰላይ ናት ብላ እንድትመሰክር ሲያስገድዷት «አላየሁም» በማለቷ ነው።

«እኛን ያሳሰረን ያላየውን አየሁ ያለ ሰው አይደለም ወይ?» አልኩ። «ይቺ ለእነሱ አልዋሸችም፤ ለእኛም አልዋሸችም። በዚህ እንቅጣት? እሷ ካልቀመሰች እኔም አልቀምስም!»

ዘበኛዋ በሩን ደበደበች። «ያ ሐጃ፣ አንቺ አሮጊት፣ ዝም በይ!»

«ፍርድ ላይ ነኝ፣ ቆዪ!» አልኳት።

የመተማዋ ልጅ ተነሣች። ዳቦውን ፉል አስነክታ መምህርቷን አጎረሰቻት። መምህርቷ «ነፍስ ይማር» ትል እንደሆነ ሁላችንም አፍ አፏን እናያለን። ዋጠችና፣

«እናትሽ ደግ ሴት ነበረች» አለች። «ይህን ግን አይቻለሁ። ማስረጃው አንቺ ነሽ።»

ልጅቱ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋም ደግማ አጎረሰቻት።

ዛሬ ተፈትተናል። መምህርቷን ኡም ጋርጉር ካምፕ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ፤ አሁንም እንከራከራለን። ወዲያኛው ዓለም ካለ እዚያ አግኝቼ እስቅባታለሁ። ከሌለ ግን እሷ ልትስቅብኝ አትችልም። ይህ ነገር ፍርደ ገምድል ሆኖ ታየኝና በቀደም «ድርሻሽን አሁኑኑ ሳቂ» አልኳት።

ሳቀችብኝ፤ ያውም ሳትሰስት።