ለአንዲት የዳማ ቆርኪ

ጓድ ሊቀመንበሩ ወረቀቷን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አነበበ።

«የእኔ፦ 3፣ 7፣ 10፣ 14፣ 19። የእርስዎ፦ 21፣ 25፣ 26፣ 30።»

አንብቦ ሲጨርስ ቀና አለ። «እነዚህ የቤት ቁጥሮች የእነማን ናቸው?»

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ያለሁት ደሴ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት። ሥራዬ ሰኞ ገበያ ልብስ ስፌት ነው። ያኔ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት የተገኘበት ሰው እናቱ ምንም ሳትጠይቅ ስንቅ መቋጠር ትጀምራለች።

የቤት ቁጥር አልነበረም። ዳማ ነው።

የዛሬ ልጆች በስልክ ከማያውቁት ሰው ጋር መጫወትን እነሱ የፈጠሩት ይመስላቸዋል። እኔ ከኮምቦልቻ ሰው ጋር በአውቶቡስ እጫወት ነበር። የዳማውን ጥቁር ካሬዎች ከ1 እስከ 32 ቁጥር ሰጠናቸው። ጠዋት «ከ9 ወደ 13» ብዬ ጽፌ ለሾፌሩ ለሰይድ እሰጠዋለሁ፤ እሱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ያደርሳል፣ ከሰዓት በኋላ መልሱን ይዞልኝ ይወጣል። ባላጋራዬ ጋሽ ይመር የሚባሉ የፋብሪካ መካኒክ ናቸው። ዓይናቸውን አይቼ አላውቅም።

እኔ እንግዲህ ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የምጫወት ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ስለ ዳማ ሕዝብ ያለኝ አስተያየት ከአድልዎ የጸዳ ነው። ጨዋታው ደግ ነው፤ ክፉው ተጫዋቹ ነው። ሰኞ ገበያ ሁለት ሰው ከተጫወተ አሥር ሰው ከጀርባ ቆሞ ይሳደባል። በወረቀት ሲሆን ደግሞ ይብሳል... ፊትህን የማያይ ሰው ምላሱ ይረዝማል። ጋሽ ይመር እንኳ፣ አምስት ወቅት ሰጋጁ ሰው፣ «ልጄ፣ አንተ ቁልፍ ትከል፤ ዳማውን ለባለቤቶቹ ተወው» ብለው ጽፈውልኛል።

አንድ ቀን ድመት ሰሌዳቸው ላይ ዘላ ቆርኪውን ሁሉ በተነችባቸው። እሳቸውም የየቆርኪውን ቦታ ጽፌ እንድልክላቸው ጠየቁኝ። ከታች «አምንሃለሁ» የሚል ጨመሩበት።

ጻፍኩላቸው። አንዷ ስትቀር ሁሉም እውነት ነበር። 14 ላይ ያለችው ቆርኪዬ ከሦስት ቀን በፊት ተበልታለች... አስነሳኋት። ማን ያየኛል ብዬ።

ያየኝ ፍተሻ ነው። ጋሽ ይመር እንዳጣራላቸው ብለው ወረቀቷን ከሁለት ቀን በኋላ መልሰው ሲልኳት፣ ሰይድን ደሴ መግቢያ ላይ አስቁመው ከኪሱ አገኟት። ጀምበር ሳትጠልቅ አብዮት ጠባቂዎች እኔን ከስፌት መኪናዬ፣ ጋሽ ይመርን ከፋብሪካቸው አነሱን። አንዳችን ከሌላችን ተቀብለን ያስቀመጥናቸውን የቆዩ ወረቀቶችም ሰበሰቡ። ከባላጋራዬ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተያየነው ቀበሌው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ከሲታ ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው ላይ ግራሶ አለ። ሰላም ለመባባል ፈራን።

ሊቀመንበሩ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስተኛት። «14 ቁጥር» አለ ቀስ ብሎ፣ «የእኔ ቤት ነው።»

ዳማ ነው፣ በልጆቼ ይዤዎታለሁ፣ ዳማ ነው አልኩ። ያኔ ልጅ አልነበረኝም።

ሊቀመንበሩ ከቀበሌው መዝናኛ ክበብ ዳማ አስመጣና ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምረን እንድንጫወተው አዘዘ። አንዱ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ጉልበቱ መሐል አድርጎ ወረቀቶቹን በተራ ያነባል፤ እኛ እናንቀሳቅሳለን። እኔ አንዷን ቆርኪ ሁለቴ ጣልኳት። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ሊቀመንበሩ ዝርዝሯን ይዞ ከሰሌዳው ጋር ማመሳከር ጀመረ። 3 አለ። 7 አለ። 10 አለ።

ጣቱ 14 ላይ ቆመ። ባዶ ነው። የቀሩትን ቆጥሮ ጨረሰና ወደኔ ዞረ።

«ሁሉም ልክ ነው። የተሳሳተው የእኔ ቤት ብቻ ነው?»

ዝም ብል አናርኪስት ነኝ፤ ብናገር ሌባ። ጋሽ ይመርን ላለማየት ግድግዳውን እያየሁ «አጭበርብሬ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ። የተበላች ቆርኪ መሆኗን፣ ድመቷን፣ ሁሉንም ዘከዘክሁት።

አላመነኝም። ምንም ያልተያዘበት ጨዋታ ላይ ለአንዲት ቆርኪ ብሎ የሚያጭበረብር ሰው የለም አለና ለጠባቂው በዓይኑ ምልክት ሰጠው። ጠባቂው ተነሣ።

ጋሽ ይመር ግን ቀድመውት ተነሥተዋል። ቀበሌውንም ጠመንጃውንም ረስተውታል።

«የሞተ አስነሣህብኝ?» አሉኝ። «አምንሃለሁ ብዬ ጽፌልህ? ሁለት ሌሊት ሙሉ፣ ይቺ ቆርኪ ከየት መጣች፣ ጃጀሁ እንዴ እያልኩ አላህን ስለምን ከረምኩ እኮ... አንተ ሐራም የማትፈራ!»

ኮሌታዬን ያዙ። በግራሶ እጃቸው። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፤ እንባቸው ሊመጣ ደርሷል። ጠባቂው እኔን ሊወስድ ተነሥቶ፣ እሳቸውን ከኔ በማላቀቅ ሥራ ተጠመደ።

ሊቀመንበሩም ለካ ዳማ ይጫወታል። «ይሄ ንዴት ተጠንቶ የሚመጣ አይደለም» አለና ወረቀቷን ቀደዳት። ጨዋታውን እዚሁ ጨርሰን እንድንሄድ አዘዘን።

ጋሽ ይመር ኮታቸውን አስተካከሉ። «ከዚህ ጋር? ወላሂ፣ እሰሩኝ።»

በዚያ ዘመን «እሰሩኝ» ተብሎ አይቀለድም ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ሳቀ፤ በእጁም በሩን አሳየን።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ኮምቦልቻ ተዳረሰ። አብዮቱ ምሮኛል፤ የኮምቦልቻ ዳማ ተጫዋቾች ግን ይኸው እስከ ዛሬ፣ እኔ ከመጣሁ የተበላውን ቆርኪ እየቆጠሩ ኪሳቸው ይከታሉ።