ቀጥቃጩ የጠጣበት ቅል

ዛሬ ጂንካ አንድ ጋራዥ በር ላይ የተቃጠለ ግራሶ ሸተተኝና ቆም አልኩ።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው፤ ልጅ ነበርኩ። የአባቴ አሮጌ መኪና ባለ ሽቦ ቸርኬ ነበረች። አንዱ ቸርኬ ከመሃል መያዣው፣ ከሞዞው፣ ጋር በዝገት ተጣብቆ አልወጣ አለ። አባቴ ብረት ቀጥቃጩን ጎረቤታችንን ጠራው። ሞዞውን የውስጡ አሮጌ ግራሶ እስኪቃጠል በፍም አሞቁት፤ አንዲት መዶሻ እየተቀባበሉ ሲደበድቡት ዋሉ።

«ጉልበትህ የት ሄደ?» ይለዋል አባቴ።

«አንተ ሆድ ውስጥ ነዋ የተደበቀው!»

ይሳሳቃሉ። በመጨረሻ ቸርኬው ተላቀቀ። ዝገቱን ጠርገው፣ ግራሶ ቀብተው መለሱት። የሁለቱም ፊት ጠቁሮ ማን ማን እንደሆነ አይለይም ነበር። እናቴ ለቀጥቃጩ ቦርዴ በቅል ሰጠችው። ጠጣ፤ መርቆን ተነሣ።

ገና ጀርባውን ሲሰጥ አባቴ ቅሉን ከድንጋይ ጋር አጋጭቶ ሰበረው። ክው አልኩ።

«አባባ፣ ምነው?»

«ልጄ፣ ቀጥቃጭ በጠጣበት ዕቃ አይጠጣም። ከአባቶቻችን የመጣ ነው።»

«ጎማውንም እኮ ነክቶታል! እሱንስ ለምን አትሰብረውም?»

«ጎማ አፍ የለውም» አለኝ፣ ረጋ ብሎ፣ ራሴን እየዳበሰ።

ቀና ስል ቀጥቃጩ ገና ከአጥሩ አልወጣም። ቆሞ ሰምቶናል።

«እማማ፣ ማንን ፈለጉ?» አሉኝ የጋራዡ ልጆች።

«አንድ ብረት ቀጥቃጭ ነበር» አልኳቸውና መንገዴን ቀጠልኩ።