የመጀመሪያው ዋስ የማን ነው?

ወሬውን የሰማሁት ካርቱም ላይ፣ ከካላክላ ወደ መሀል ከተማ በሚሄድ ሓፍላ በሚሉት አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው። ወንበር አልነበረም፤ አንድ እጄ ብረቱን፣ ሌላው ቦርሳዬን ይዟል። ከኋላዬ የቆመች የሰፈራችን ሴት ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ «መምህርት፣ ሰማሽ? ከእንግዲህ የጤና ኢንሹራንስ ያልገዛ ሰው ኢቃማው አይታደስለትም አሉ» አለችኝ። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃዳችን ነው። ያለ እሱ ከቤት መውጣት ራሱ ድፍረት ነበር።

«ከመንግሥት ነው የምንገዛው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ኧረ ከኩባንያ!»

ሹፌሩ ፍሬን ያዘና ሁላችንም ወደ ፊት ተደፋን። ሐሰት እንዳልናገር፣ ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት ብቻ ነው።

ዓርብ በካርቱም የዕረፍት ቀን ስለሆነ ቅዳሴያችንም ስብሰባችንም በዚያ ቀን ነበር። በሳምንቱ ዓርብ ከቅዳሴ እንደወጣን የእድራችን ሴቶች አንድ ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን። ልጆች ስለማስተምር መጀመሪያ እንድናገር የሚገፉኝ እኔን ነው። ተነሣሁና ተቃወምኩ። የሰው ቤት የምታጸዳ ሴት አስገድዶ ከነጋዴ ማስገዛት ማሻሻያ አይባልም አልኩ። ነጋዴው የሚያተርፈው ጤነኛ በሆንን ጊዜ ነው፤ የታመምን ቀን ደግሞ ላለመክፈል ሰበብ አያጣም።

ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡን፣ እትዬ የምንላቸው ሴት ተነሡ።

«እድርስ ግዴታ አይደለም ወይ? በቁሙ የሚያዋጣ ከሌለ ሬሳውን ማን ያነሣዋል? ጤነኛው ለታመመው ያዋጣ ነው ያሉት። ይሄ ምኑ ያስቆጣል?»

«እድር የኛ ነው፣ እትዬ። ዳኛው ከመካከላችን ነው። በሞታችን የሚከብር ሰው የለበትም።»

«ይክበር! በር እስከ ከፈተልኝ ድረስ ይክበር! ያለ ወረቀት ሆስፒታል ደጃፍ ስትቆሚ ማን ዞሮ ያይሻል?»

ከእኛ ሁሉ ታናሽ የነበረችው፣ አንድ ሐጂ ቤት ምግብ የምታበስለው ልጅ ከወዲያ ጥግ፣ «እኔ እንደሆነ ታምሜ አላውቅም፤ በእኔ ሒሳብ ማንም አይታመምብኝ» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

ድምፃችን ከፍ ብሎ ነበር። እትዬ ሲከራከሩ ከማጀት ወደ በረንዳ የሚጣሩ ያህል ይጮኻሉ። ጎረቤት ምን እንደመሰለው አላውቅም፤ ፖሊሶች በሁለት ቦክሲ መጡ። ያለ ፈቃድ የተሰበሰቡ የውጭ ሰዎች፣ የፖለቲካ ስብሰባ ተባልንና ነጠላችንን እንዳጣፋን ከኋላ ክፍት በሆኑት መኪናዎች ላይ ተጫንን።

ጣቢያው ውስጥ መኮንኑ ወረቀት አወጣ። አረብኛው የሚሻለኝ እኔ ስለነበርኩ ለሁሉም የምመልሰው እኔ ሆንኩ።

«ምን ስብሰባ ነው?»

«የእድር ነው። ለቀብር የምናዋጣበት ማኅበር።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ማንን ልትቀብሩ ነው?»

«ገና የሚሞተውን።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ከኋላዬ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይንቀጠቀጣሉ፤ በፍርሃት መስሎኝ ዞር ብል በሳቅ ነው። መኮንኑ የተከራከርነው በኢንሹራንሱ አዋጅ መሆኑን ካናገረኝ በኋላ አዋጁን የምትቃወም እጇን ታውጣ አለ። አወጣሁ። የምትደግፍስ? እትዬ አወጡ።

«አንቺ ከደገፍሽ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ክርክሩ አላለቀማ!» አሉት።

ተቃዋሚ ደጋፊ ሳይሉ ሁላችንንም አንድ ክፍል አስገቡን። ከመግባታችን በፊት ግን ሥርዓቱ ተነገረን። ሱዳናዊ ዋስ ቀርቦ የፈረመላት ትወጣለች፤ አንድ ዋስ ለአንድ ሰው። ዋስ ያለን ሁሉ በጣቢያው ስልክ አስጠራን።

ክፍሉ ጠባብ ነበር። በሩ ቆርቆሮ ነው። ከጣሪያው ሥር የዳዊት መጽሐፍ የምታህል መስኮት አለች። ጥግ ላይ የሸክላ የውኃ ጋን ተቀምጧል፤ ሥሩ ረጥቦ ከዚያ በኩል ብቻ ቀዝቀዝ ይላል። ጫማችንን ስለወሰዱብን ትኩሱ ስሚንቶ ላይ እግር እያቀያየርን ቆምን። ዘጠኝ ነበርን መሰለኝ። ዐሥረኛዋ ቀድማን የገባች ነበረች፤ ጋኑን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ በየትንፋሹ ይነሣል፤ ደረቷ እንደ ወናፍ ያፏጫል።

አበሻ ናት፣ ከሶባ ሰፈር። አስም አለባት። ኢቃማዋ ሲያልፍ ልታድስ ሄዳ ኢንሹራንስ አምጪ ተባለች፤ አልነበራትም፤ ስትመለስ መንገድ ላይ ያዟት። ወደ አፏ የምትነፋው መድኃኒት ካለቀ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ይህን የነገረችን ባንድ ጊዜ አይደለም፤ ሦስት ሦስት ቃል እየለቀመች ነው።

«ይኸው!» አልኩ እኔ። «እዚህ ያመጣት አዋጁ ነው።»

«ይኸው!» አሉ እትዬ። «ወረቀቱ ቢኖራት ይሄኔ ሆስፒታል ነበረች።»

ልጅቷ እጇን አነሣች። «እህቶቼ… ክርክሩን… ቆይታችሁ… በሩን አንኳኩልኝ።»

አፈርን። እትዬ በሩን በሁለት እጃቸው ደበደቡት። ሻዊሽ የሚሏት ባለማዕረግ ጠባቂ ከፈተች፤ ወፍራም፣ ላብ በላብ የሆነች፣ ክፉ ያልሆነች ሴት ነበረች። መኮንኑ ለጁምዓ ሶላት ወጥቷል፣ እሱ ሳይፈቅድ አይሆንም፤ ዋስ ካላት ግን እኔ ራሴ አስወጣታለሁ አለች።

«ዋስ አለሽ?» አልናት ልጅቷን። ራሷን ነቀነቀች። ማንም የላትም።

ያን ጊዜ የተናገርኩትን አልረሳውም፤ የተናገርኩት እኔ ነኝና። «ለማናችንም ይምጣ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ዋስ የእሷ ይሁን። ግዴታ ይሁን፤ ማንም እንዳያፈገፍግ።»

እትዬ በዚያ ሙቀት ውስጥ እንደ ልጅ ሳቁ። «ግዴታ አልሽ? ከአፍሽ ይውጣ እንጂ!»

«እዚህ የሚያተርፍ የለም፣ እትዬ።»

«እሱን እንኳ ልክ ነሽ» አሉ። በዚያ ቀን ልክ ነሽ ያሉኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እጅ አወጣን። የሐጂው ቤት ልጅ ብቻ እጇን አላወጣችም። «የኔ ዋስ የኔ ነው። ነገ ከሥራ ብቀር ያባርሩኛል። ማን ጠየቀኝ?»

«ተወስኗል፣ ልጄ» አሉ እትዬ።

ጠበቅን። ሰዓት አልነበረንም። በሽተኛዋን ቀና አድርገን አስቀመጥናት፤ በነጠላ እያራገብንላት ውዳሴ ማርያም በቃሌ ደገምኩ። የደረቷ ፉጨት እየቀጠነ ሄደ፤ መቅጠኑ ደግ ምልክት እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ከንፈሯ እንደተመታ ጥፍር ጠቆረ። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ጸጥ አለ፤ ሶላቱ አለቀ። ከዚያ ኮቴ ሰማን፤ ሻዊሿ በሩን ከፈተች።

የጠራችው የሐጂውን ቤት ልጅ ነው። ሐጂው ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከበሩ ውጭ ቆመዋል።

ማንም አላያትም። እኔ የእግሬን ጣቶች አየሁ። ያወጣነውን ሕግ የሚያስፈጽም ዱላ አልነበረንም፤ ሻዊሿ ይህን ሕግ አታውቀውም፤ ልጅቷ ብትወጣ ማን ይይዛታል? ንስሐ እንዲሆነኝ እጽፈዋለሁ፦ በዚያች ቅጽበት የጸለይኩት ለበሽተኛዋ አልነበረም፤ እቺን ልጅ አስገድድልኝ ብዬ ነው የጸለይኩት።

ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። ወደ በሽተኛዋ ሄዳ ብብቷ ሥር ገብታ ደግፋ አቆመቻትና በሩ ድረስ ወሰደቻት።

«ሐጂ፣ ለእሷ ይፈርሙ» አለች በአረብኛ።

«እኔ የማውቀው አንቺን ነው፣ ልጄ። እሷ ማን ናት?»

«እህቴ ናት። ሆስፒታል ያድርሱልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ታምሜ አላውቅም።»

ሐጂው በሽተኛዋን አዩ፤ የደረቷን ድምፅ ሰሙ። «ላ ሐውላ» ብለው ወረቀቱን ተቀበሉ። ሻዊሿ ትከሻዋን ሰበቀች፤ አንድ ዋስ፣ አንድ ሰው። በስም በኩል ምን ብላ እንደጻፈች አላየሁም፣ ልጠይቅም አልፈለግሁም።

የመኪናው ሞተር ተነሥቶ ሲርቅ እትዬ እልል አሉ። ተከተልናቸው። እስር ቤት እልልታ ተከልክሎ ይሁን አይሁን የሚያውቅ አልነበረም፤ ሻዊሿ ሮጣ መጥታ፣ «ምን ሆናችኋል? ሰርግ ነው?» አለች። «ሰርግ ነው!» አልናት። እሷም ሳቀችና ቆይታ ፉል አመጣችልን፤ ላዩ ላይ ጅብና የሚሉት አይብ ተፈርፍሮበታል። ዓርብ ነው፤ አይቡን ወደ ዳር ገፋነው። ልጅቷ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች።

«እኔ ዛሬ ለሰማይም ለምድርም አዋጥቻለሁ» አለችና የሁላችንንም አይብ ጠርጋ በላችው። መገሠጽ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። አልገሠጽኳትም።

እንደ ዋሳችን አመጣጥ ተራ በተራ ወጣን፤ ልጅቷ የወጣችው የሁላችን መጨረሻ ነው። በሽተኛዋ መዳኗን በሦስተኛው ቀን ሰማን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ የሱዳን ጦርነት መጣ። አሁን የምኖረው አውሮፓ ነው፤ እዚህም ሁሉም ሰው ከኩባንያ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ሕግ ያስገድዳል። እገዛለሁ። ሐኪም ቤት ስገባ ማን ይከፍላል ብሎ የሚያቆመኝ የለም፤ በዚህ እትዬ ረትተውኛል። የታመመ ሰው አንከፍልልህም የሚል ደብዳቤ ይዞ እንዳነብለት ሲመጣ ደግሞ እኔ እረታለሁ። ለሰው መልካም የሆነ ነገር ሁሉ ጥቂት ግዴታ አያጣውም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን አስገዳጁ አብሮኝ ስሚንቶው ላይ ቢቀመጥ እመርጣለሁ።

በዚያ ዓርብ በዚያ ክፍል የነበራችሁ እህቶቼ፣ የጎደለውን ሙሉልኝ፣ ያጣመምኩትን አቅኑልኝ። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። የሐጂው ቤት ልጅ የት እንዳለች የምታውቅ ካለች ትጻፍልኝ። ደህና ከሆነች ደስታው ይበቃኛል። ታማ እንደሆነ ግን ቀድማችሁ አትክፈሉላት፤ ተራው የኔ ነው።