አስተዳዳሪው የቆረጡት ጉቶ

ልጄ ቴፒ ከተማ የቡና ትምህርት ተምሮ መጥቶ የወረዳችን አስተዳዳሪ አማካሪ ሲሆን ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳብ ገባኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለ ሹመት የማውቀው የወጣ እንደሚወርድ ብቻ ነው።

ሐሳቡ የልጄ ነበር፤ ይህን አልክድም። በከተማችን በአማን ዙሪያ ያለው ቡና አርጅቷል፣ ከጉልበት በታች ተቆርጦ እንደ አዲስ ያቆጥቁጥ አለ። ጉንደላ ይሉታል። የተጎነደለ ቡና ሁለት ዓመት ያህል ፍሬ አይሰጥም፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚክሰው። ያልጎነደለ ሰው ከቀበሌ ደብዳቤ እንዳይጻፍለት ያለውም እሱ ነው።

«ልጄ፣ ሰው በግድ ቡናውን አይቆርጥም» አልኩት።

«በልመናማ ስንት ዓመት ተሞከረ፣ እማዬ?» አለኝ።

ሥራው የተጀመረው በእኔ ጓሮ ነው። የአማካሪው እናት ካልቆረጠች ማን ይቆርጣል ተባለ። በጥር አንድ ጠዋት አስተዳዳሪው ፎቶ አንሺ አስከትለው መጡ። ቡናውን የተከለው ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ነበር። አስተዳዳሪው መጋዙን ተቀብለው የመጀመሪያውን ግንድ ራሳቸው ቆረጡ። «እናታችን፣ ገና ያመሰግኑኛል» አሉኝ። ሰው አጨበጨበ።

የቡና ጉቶ አዘንብሎ ነው የሚቆረጠው፣ የዝናብ ውሃ እንዳያቁር። እሳቸው ግን እንደ በርጩማ ደልዳላ አድርገው ተዉት። እንግዶቹ ሲሄዱ ላስተካክለው መጋዝ ሳነሳ ልጄ እጄን ያዘኝ።

«ተይው እማዬ። የአለቃን ሥራ አረሙ እንዳንባል።»

«ውሃ ይበላዋል እኮ!»

«አንድ እግር ቡና ነው።»

ተውኩት። የቀረውን ሁሉ እሱ አዘንብሎ ቆረጠው።

ክረምት ገብቶ ቡናው ፍሬ እንደማይዝ ሲታይ ሰው አጉረመረመ። ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤቴ፣ ቡናዋን እያለቀሰች የቆረጠች፣ ሰላምታ ነሳችኝ። አንድ ቀን ብቻ «የልጅሽ መጋዝ ደህና አደረ?» ብላኝ አለፈች።

መስከረም ላይ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል። ልጄ ከፊት ተቀምጧል። አስተዳዳሪው ተነሱና «ይህን ጉንደላ እኔ አላዘዝኩም። አማካሪው የራሱን ሐሳብ በእኔ ስም ነው ያወረደው። ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ጋር አይሠራም» አሉ።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከኋላ «ታዲያ እዚያ ጓሮ መጋዝ የያዘው መንታ ወንድምዎ ነበር?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

«መጋዙን ለፎቶ ነው የያዝኩት። አንድም ቡና አልቆረጥኩም» አሉ አስተዳዳሪው።

«ባለጓሮዋ አለች፤ እሷ ትናገር!» አሉ ሽማግሌው።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከወንበሬ ተነሳሁ። ልጄ ዞሮ አየኝና ራሱን ነቀነቀ፤ አትናገሪ ማለቱ ነው። እኔም አሰብኩ፦ ከተናገርኩ ጨርሶ ያባርሩታል፤ ዝም ካልኩ ምናልባት ሌላ ቦታ ይሰጡታል። ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። በዝምታዬ ነገሩ ሁሉ የልጄ ብቻ ሆነ።

በሳምንቱ ሩቅ አገር፣ ማጂ ተመደበ። መናኸሪያ ስሸኘው «ጥሩ አደረግሽ እማዬ» አለኝ። ጥሩ ማድረጌን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ በጓሮ በር ገባች። ጉቶዎቿ ብዙ ቀንበጥ አውጥተው የትኛውን እንደምትተው ቸግሯታል። የእኔን እያየች ስትሄድ ደልዳላው ጉቶ ጋ ቆመች። ጠቁሯል፣ ውሃ ይዟል፣ አንድ ቀንበጥ የለውም።

«ይሄንን ማነው የቆረጠው? ልጅሽ እንዲህ አይቆርጥም።»

«አስተዳዳሪው» አልኳት።

ጉቶውን በጣቷ ነካችው፤ ቅርፊቱ ተፈረፈረ።

«ታዲያ ያን ቀን ምነው አፍሽን ያዝሽ?»

«ልጄን የሚያተርፍልኝ መስሎኝ።»

አልተቆጣችኝም። እሷም ልጆች አሏት። «በይ ደውይለትና ስንት ቀንበጥ እንደምተው ጠይቂልኝ» አለች።

ደወልኩ። በየጉቶው ጠንካራ ጠንካራውን ሦስት ታስቀርና ሌላውን ትቁረጥ አለ። ድምፁ ትንሽ ሞቅ አለ።

«ሌላስ የጠየቀ ሰው አለ?» አለኝ።

«እሷ ብቻ ናት» አልኩት።