አሪቲ የወደደው ወታደር

በጣሊያን ጊዜ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በነበረው ቤታችን ደጅ፣ ፀሐይ በሚበረታበት ድንጋያማ ቦታ፣ እናቴ ቅጠሉ እንደ ብር ነጣ ያለ አሪቲ ታበቅል ነበር። አንድ የጣሊያን ወታደር አይቶ ወደደውና አንድ እግር አስነቅሎ ወሰደ። በሳምንቱ ከአስተርጓሚው ጋር ተመለሰ። ያን ዕለት አርበኛው አባቴ ቆስሎ መጥቶ ጓዳ ተኝቷል።

«በሰበሰብኝ ነው የሚልሽ» አላት አስተርጓሚው።

«ውሃ አብዝቶበት ነው። እሱ የሚወደው ፀሐይ ነው» አለች እናቴ።

ሌላ ልትነቅልለት ስታጎነብስ ከጓዳ ሳል ተሰማ። ወታደሩ ቀና አለ። በሩ ላይ የቆምሁት እኔ ወዲያው ጉሮሮዬ እስኪላጥ ሳልሁ።

«ልጄን ጉንፋን ይዟት ነው» አለች እናቴ።

ወታደሩ ትክ ብሎ አየኝና ችግኙን ይዞ ሄደ። ይህኛውም ቢደርቅበት ተመልሶ ይመጣል ብለን ስለፈራን፣ አባቴን ሳይመሽ በበቅሎ ወደ አክስቴ ቤት አሻገርነው።